የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው መስመር ነው? ከየት እስከ የት ይሄድ ነበር?

ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽና በአዳማ አድርጎ አዲስ አበባ ለገሃር ይገባ የነበረው የቀድሞው መስመር ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ ልክ አንድ ሜትር ነው። ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው ከጅቡቲ በመሆኑ ድሬዳዋ 311ኛው ላይ ናት፤ ለገሃር የመጨረሻው ነው። የድሮ ሰነድ ወይም ከሐዲዱ ዳር የቆመ የኪሎ ሜትር ምልክት የምታነቡ ከሆነ ይህን አትርሱ፤ ከአዲስ አበባ የጀመረ ቆጠራ እየመሰላቸው የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው።

መነሻው የባሕር ወለል፣ መድረሻው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አወጣጡ ግን እኩል አይደለም። ድሬዳዋ ላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከደረሰ በኋላ አዋሽ ላይ እንደገና ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል። ትልቁ ዳገት ያለው ከዚያ በኋላ፣ ከመተሃራ ወደ አዳማ፣ ከአዳማም ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ በሚወስደው ክፍል ነው።

ለመሥራት ለምን 20 ዓመት ፈጀ?

ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኑ የሰጡት መጋቢት 1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፤ ድሬዳዋ የተደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። እስከዚህ ድረስ አምስት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው፣ ያውም በረሃውን አቋርጦ።

የዘገየው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብና ፖለቲካ ነው። ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ሲገባ የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባ፤ ምኒልክ ደግሞ ባቡሩ የባዕድ መንግሥት መሣሪያ እንዳይሆን ፈሩ። እንግሊዝና ጣሊያንም ዝም አላሉም፤ በታኅሣሥ 1906 ሦስቱ መንግሥታት በተፈራረሙት ውል ውስጥ የባቡሩ ጉዳይ አንዱ ዋና ነጥብ ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ በ1907 ከሰረ። በ1908 አዲስ ፈቃድ ወጥቶ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመና ሥራው ቀጠለ፤ አዲስ አበባ ላይ በይፋ የተመረቀው በ1917 ነው። ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ ግን ከዚያም በኋላ፣ በ1929 የተከፈተ ነው።

ለምን በሐረር አላለፈም?

የመጀመሪያው ዕቅድ ሐረርን ይጨምር ነበር። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደጋው ላይ ናት፤ ባቡሩ ግን የሚመጣው ከሥር ካለው ቆላ ነው። ተራራውን ለመውጣት ብዙ መጠምዘዣ፣ ድልድይና ዋሻ ያስፈልግ ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ኩባንያው አልነበረውም። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገና ባዶ ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። መጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር፤ አልጸናም።

ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ያሉት፣ መጋላ ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የሆነው ለዚህ ነው። ከዚራ ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ በፕላን የተሠራ የኩባንያው ሰፈር ነው።

ጉዞው ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ነበር?

እንደ ዘመኑ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ መደበኛው ባቡር በቀን ብቻ ስለሚሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ላይ ከጣቢያው ፊት ለፊት ሆቴል የተሠራው ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ዙሪያው በረሃ ነበር። በኋላ የሌሊት ጉዞ ሲጀመርና ሎኮሞቲቮቹ ከ1950ዎቹ ወዲህ ወደ ናፍጣ ሲለወጡ ጊዜው በጣም አጠረ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የጉዞ ሰሌዳ የሚባለው ነገር ትርጉም አጥቶ ነበር። አንድ ፉርጎ ከሐዲድ ከወጣ መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለውን 473 ኪሎ ሜትር በአንድ ሌሊት ጨረስኩ የሚል ሰው ዕድለኛ ነው።

ሊቶሪና የሚባለው ከባቡር በምን ይለያል?

ሊቶሪና ሞተሩ ራሱ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ፉርጎ ውስጥ ያለ ተሽከርካሪ ነው፤ ከፊት የሚጎትት ሎኮሞቲቭ አያስፈልገውም። ስሙ የጣሊያኑ ፊያት በ1930ዎቹ ከሠራቸው የመጣ ሲሆን፣ በኋላ ከፈረንሳዩ ሱሌ ፋብሪካ የገቡትንም ሰው በዚያው ስም ጠራቸው። ቀላልና ፈጣን ስለነበረ ገንዘብ ያለው መንገደኛ የሚመርጠው እሱን ነበር። ኮሮጆና ጆንያ የያዘው ነጋዴ ግን ለዕቃ የሚሆን ቦታ ስለሌለው ተራውን ባቡር ይጠብቃል። ያለ ነጋዴው ደግሞ ይህ ባቡር ምን ነበር? ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅ፣ ሽቶና ኤሌክትሮኒክስ ከወንበር ሥር እስከ ጣሪያ ተሸጉጦ፣ ፈታሽ ሲመጣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነበር የሚያልፈው።

ሳይሄዱበት የቀሩ ሰዎች በጣም ሊቆጫቸው የሚገባው የትኛው ክፍል ነው?

ብዙ ሰው የአዋሽን ድልድይ ይጠራል፤ እውነትም ገደሉ ያስደነግጣል። እኛ ግን ከመተሃራ አካባቢ እስከ አዋሽ ያለውን ሙሉውን ክፍል እናስቀድማለን። ባቡሩ መጀመሪያ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰውን ጥቁር ድንጋይ ያቋርጣል፤ ቀጥሎ በበሰቃ ሐይቅ ዳር፣ ውሃው በመጣበት ዘመን ደግሞ በመሐሉ ያልፋል። በሰቃ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እያደገ የሄደ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ከ40 በላይ ሲሆን የመኪናውንም የባቡሩንም መንገድ ስላጥለቀለቀ አፈርና ድንጋይ እየተሞላ መንገዱን ደጋግሞ ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። ከፉርጎው መስኮት በሁለቱም ወገን ውሃ ብቻ ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላ የአዋሽ ፓርክ ሜዳ ይመጣል፤ ጠዋት ከሆነ ሳላ የሚባለው የዱር እንስሳ ከሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ ይታያል።

ሁለተኛው ምርጫችን ጅቡቲ ውስጥ ነው። ከወደቡ ወጥቶ ሆልሆል እስኪደርስ መስመሩ በደረቅ ሸለቆ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሆልሆል ላይ ያለው የብረት ድልድይ ከ1900 በፊት የተጀመረ፣ ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ የሆነ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ያለው ኤረርና ጎታ ደግሞ በፍራፍሬው ነው የሚታወሰው፤ ባቡሩ ሲቆም ብርቱካን በመስኮት ይገባል።

ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ያለው ክፍል ብዙ አያስቆጭም። ያንኑ ሜዳ በአስፋልቱም ታዩታላችሁ።

የ1977 ዓ.ም. የአዋሽ አደጋ እንዴት ደረሰ?

በጥር 1977 ዓ.ም. (በ1985) አንድ የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አካባቢ ድልድይ አጠገብ ካለ መጠምዘዣ ላይ ሳይዘገይ ገብቶ ከሐዲድ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ ከከፉት አንዱ ነው።

ለምን መዘግየት እንዳለበት ለማይገባው ሰው፦ ባቡር ሲጠመዘዝ ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ግፊቱ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ፣ በሰው በተጨናነቀ ከፍ ያለ ፉርጎ፣ የመገልበጫው ወሰን ከሰፊው ሐዲድ ይልቅ ቅርብ ነው።

መስመሩ በመጨረሻ ለምን ተዘጋ?

«አዲሱ ባቡር ስለመጣ» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን ያዛባል። የድሮው አዲሱ ከመምጣቱ በፊት ሞቷል። የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ የመንገደኛ አገልግሎት በ2008 ገደማ ቆመ፤ የድሬዳዋ–ጅቡቲውም ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ተከተለው። በ2013 ከድሬዳዋ ወደ ድንበሩ ለአጭር ጊዜ እንደገና ተጀምሮ ነበር፤ አልዘለቀም። አዲሱ መስመር የተመረቀው ጥቅምት 2016 ነው።

የገደለው አንድ ነገር አይደለም። ሐዲዱ ቀጭን ነበር፤ መጀመሪያ የተነጠፈው በሜትር 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሲሆን አንዳንዱ ክፍል ጨርሶ አልተተካም። ሐዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚዎች እንጨቱን ምስጥ እንዳይበላው ከብረት የተሠሩ ናቸው። ብረት ደግሞ ይዝጋል፣ ማሰሪያው የሚገባበት ቀዳዳም እየሰፋ ይሄዳል። ማሰሪያው ሲላላ ሁለቱ ሐዲዶች ከአንድ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ መንኮራኩሩም በመሐላቸው ይወድቃል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከነበሩት ከሐዲድ የመውጣት አደጋዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። የክረምት ደራሽ ጎርፍ ከሥር ያለውን ጠጠር ጠርጎ ሲሄድ ደግሞ ሐዲዱ አየር ላይ ይንጠለጠላል።

ከዚህ በላይ የጎዳው የጭነት መኪናው ነው። የአሰብ ወደብና የአስፋልት መንገዱ ብዙ ጭነት ወስደውበታል። ከ1977 እስከ 1978 በነበረው የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ከ1998 በኋላ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ሲዞር ባቡሩ ያንሰራራል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን የሚጎትት ሎኮሞቲቭም፣ የሚሸከም ሐዲድም ስላልነበረው ጭነቱ በጋላፊ የድንበር ኬላ በኩል በመኪና ሄደ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገናም መስመሩን አላዳነም። በእኛ ግምት ዕድሉ ያለፈው በዚያው ጊዜ ነው፤ የ1998ቱ ጭነት ሲመጣ ሐዲዱ ተጠግኖ ቢጠብቅ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

አዲሱን ባቡር ብሳፈር የድሮውን መንገድ አያለሁ?

አቅጣጫውን አዎ፣ መንገዱን ግን በከፊል ብቻ። አዲሱ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ መስመር ነው፤ የድሮው ሎኮሞቲቭ እንኳን ሊሄድበት ሊቆምበትም አይችልም። አልፎ አልፎ ከድሮው ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ከሐይቁ፣ ከገደሉና ከከተሞቹ ጋር የሚገናኘው ግን በሌላ ቦታ፣ በሌላ ከፍታ ነው። ትልቁ ልዩነት ጣቢያዎቹ ናቸው። የድሮው ከተማ መሐል ይገባል፣ እንዲያውም ከተማውን የፈጠረው እሱ ነው። የአዲሱ ጣቢያዎች ከከተማ ውጭ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ፉሪ–ለቡ፣ ጅቡቲ ላይ ነጋድ። ድሬዳዋም ከወረዱ በኋላ ወደ ከዚራ ለመግባት መኪና ያስፈልጋል።

ለመሄድ ካሰባችሁ በፉሪ–ለቡ በኩል የሚነሳውን የድሬዳዋ ባቡር ቀንና ሰዓት ከጣቢያው በቀጥታ ጠይቁ፤ በየቀኑ ላይሄድ ይችላል። መታወቂያ ያዙ፤ እስከ ጅቡቲ ከሆነ ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ የቪዛውንም ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ለከተማ ትራፊክና ለፍተሻ ሁለት ሰዓት መድቡ።

ዛሬ ምን ማየት ይቻላል?

አንድ ቦታ ብቻ የመሄድ ዕድል ካላችሁ ድሬዳዋ ሂዱ። ከዚራ ያለው ጣቢያ ቆሟል፤ ከጀርባው ያለው ወርክሾፕ ደግሞ ዋናው ሀብት ነው። የመንኮራኩር መሞረጃ ማሽኖች፣ ሎኮሞቲቭ ማዞሪያው፣ የአልስቶም ናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ የሱሌ ሊቶሪናዎች እዚያ ናቸው። እንደ ሕዝብ መናፈሻ ዝም ብሎ አይገባም። መጀመሪያ ጣቢያው ቢሮ ቀርባችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ የሚባለውን ክፍያ ክፈሉ፣ አስጎብኚ ሆኖ የሚመደበው ብዙ ጊዜ የቀድሞ ሠራተኛ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ሽማግሌዎቹ የዕቃውን ስም የሚጠሩት በዚያ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቆም አይቻልም።

አዋሽ ሰባት ላይ ጣቢያውና ፊት ለፊቱ ያለው የድሮ ሆቴል አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የለገሃር ሕንፃና ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት። በለገሃር ዙሪያ በ2018 የተጀመረው ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት አካባቢውን ስለቀየረው፣ ሐዲድ ለማየት ብላችሁ እዚያ አትሂዱ። ድልድይ ላይ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት በአቅራቢያ ያለ ጥበቃ ካለ ጠይቁ፤ አለመጠየቅ ፊልሙን ወይም ሜሞሪውን ሊያስወስድ ይችላል።

ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚህ ባቡር ነው?

አዎ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. (ግንቦት 2 ቀን 1936) በዚህ መስመር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ ሄዱ። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ያገኘሁት ዕቃ ወይም ሐዲድ የየትኛው ዘመን እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

በፋኖስ፣ በቁልፍ፣ በትኬትና በብረት ሰሌዳ ላይ የኩባንያው የፈረንሳይኛ ምህጻር በሦስት የላቲን ፊደላት ይጻፋል። መካከለኛው ፊደል «ኤፍ» ከሆነ ከ1908 በኋላ የነበረው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ነው። «ዲ» ከሆነ በ1981 የኢትዮጵያና የጅቡቲ ድርጅት ከሆነ በኋላ ያለ ነው። የድሮ ዕቃ ነው ተብሎ በውድ የሚሸጥ ብዙ ነገር «ዲ» ያለበት ነው፤ ይህን ብቻ ማየት ገንዘብ ያድናል።

ሐዲድ ደግሞ በጎኑ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የታተመ ጽሑፍ ይኖረዋል፤ የሠሪው ስምና ዓመቱ። ዝገቱን በብሩሽ ጠርጋችሁ ከጎን በባትሪ አብርታችሁ ብታዩት ይነበባል። ዓመቱ የሚነግራችሁ ግን መቼ እንደተሠራ እንጂ እዚያ ቦታ መቼ እንደተነጠፈ አይደለም። ዋናው መስመር ላይ ያረጀ ሐዲድ ተነቅሎ ወደ ጣቢያ ማቆሚያ ስለሚዛወር፣ ጥንታዊው ሐዲድ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ነው። አንብቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ እዚያው ተዉት፤ ነቅሎ መውሰድ ስርቆት ነው።

የናዝሬት–ዲላ መስመር የተባለውስ? ተሠርቶ ነው የተዘጋው?

አልተሠራም። በ1960ዎቹ ከአዳማ (ያኔ ናዝሬት) ወደ ደቡብ፣ ወደ ሲዳሞ የቡና አገር እስከ ዲላ የሚቀጥል ቅርንጫፍ ታቅዶ ተጠንቶ ነበር። በዚያ ዘመን በወጣ ካርታ ላይ በነጠብጣብ መስመር ብታገኙት ዕቅድ ማለት ነው።

የአስመራው ባቡር የዚሁ ክፍል ነበር?

አይደለም፤ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። የኤርትራው ከምጽዋ ተነስቶ አስመራ የገባው በ1911 ነው፤ በኋላ በከረንና በአቆርዳት አልፎ ቢሻ ደረሰ። ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከኛው በ5 ሴንቲ ሜትር ይጠባል፤ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም። በ1970ዎቹ በጦርነቱ ተዘግቶ ሐዲዱ ለምሽግ ሥራ ጭምር ዋለ።

የድሮውን ባቡር ቢያንስ ለጎብኚ እንደገና ማስኬድ ይቻላል?

በቴክኒክ ደረጃ ይቻላል፤ ማስረጃውም ኤርትራ ናት። የምጽዋ–አስመራው 118 ኪሎ ሜትር ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ተጠርተው፣ ከምሽግ የተነቀለው ሐዲድ ተለቅሞ፣ የ1930ዎቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ተጠግነው በ2003 እንደገና ተከፍቷል።

የኛው ግን ሁሉም ቦታ አይሆንም። አዲስ አበባ ዙሪያ መስመሩ የነበረበት መሬት ለግንባታና ለመንገድ ውሏል፤ በሰቃ ላይ ያለው ክፍል ከሐይቁ ጋር የማያልቅ ትግል ነው። የሚያዋጣው ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ሽንሌ አቅጣጫ የሚወጣ አጭር መስመር ነው ባዮች ነን፤ ወርክሾፑ፣ ማሽኖቹና መነሻ ጣቢያው አንድ ቦታ ስላሉ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሎኮሞቲቭ አይደለም። በየሜትሩ የሐዲዱን ስፋት ለክቶ የላላውን ማሰሪያና የዛገውን አግዳሚ መለየት፣ ከሌላ ቦታ በተለቀመ መተካት፣ ቀጥሎ ጠጠሩን ሞልቶ መጠቅጠቅ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀላል ሊቶሪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይበቃል። ዋናው ችግር ጊዜ ነው፤ መሞረጃውን በእጁ የሚያውቀው ሠራተኛ አርጅቷል፣ ሙያውንም የሚረከበው ወጣት እስካሁን አልተመደበለትም።